አርባ ደቂቃ በርዕሰ መስተዳድሩ ወንበር

ሁለት ሱቆች አሉን፤ አንዱ ወልቂጤ፣ አንዱ ቡታጅራ። ከወንድሜ ጋር እየተቀያየርን እንሠራባቸዋለን። ይሄ የማወራው ነገር የደረሰው ከሁለቱ በአንዱ ነው፤ በየትኛው እንደሆነ ግን አልናገርም። ወልቂጤዎች ሲሰሙት «የቡታጅራ ነገር ነው» ይላሉ። ቡታጅራዎች ደግሞ «ከወልቂጤ ሌላ የት ይሆናል!» ይላሉ። ሁለቱም ደንበኞቼ ስለሆኑ ከሁለቱም ጋር እስማማለሁ።

ርዕሰ መስተዳድሩም የትኛው እንደነበሩ አልናገርም። በእኔ ዕድሜ ብዙ አይተናል፤ ክልሉ ራሱ ስሙን ቀይሯል። ወንበሩ ግን ያው ነው። ይህን የምለው ከሩቅ አይቼው አይደለም። ተቀምጬበታለሁ። አርባ ደቂቃ።

ነገሩ የሚጀምረው ከቅቤ ነው።

እኔ የምሸጠው ብርድ ልብስ፣ ሻንጣና ሙሉ ልብስ ነው። ከሱቄ በር ፊት፣ መንገዱ ዳር፣ ሰባት ሴቶች ቅቤና ቆጮ ይሸጣሉ። የሰባቱ አለቃ ልክ በሩ አፍ ላይ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ የምትቀመጠው አሮጊት ናት። አለቃ ብሎ የሾማት የለም፤ ግን ሌሎቹ ዋጋ ከመናገራቸው በፊት ወደ እሷ ዞር ይላሉ። እኔ ሱቁን ስከራይ እሷ እዚያው ነበረች። የቀድሞው ተከራይ ቁልፉን የተወልኝ እሷ ዘንድ ነው። ስለዚህ ሱቁን ከእሷ እጅ ተረከብኩ ማለት ይቻላል፤ እሷም እንደዚያ ነው የምታስበው።

ቅቤ ጥሩ ነገር ነው፤ እቤት። ብርድ ልብስ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን አንድ ሙሽራ ከሦስት ሚዜዎቹ ጋር መጥቶ ኮት ለካ። ልክክ አለለት። እኔ መጠቅለያ ሳዘጋጅ ክንዱን ወደ አፍንጫው አስጠጋና «ይቅርታ ጋሼ፣ ያገለገለ ነው እንዴ?» አለኝ። አራቱም ተከታትለው ወጡ።

«ምነው ሙሽራው ሳይገዛ ሄደ?» አለችኝ አሮጊቷ አንገቷን ብቻ ዞር አድርጋ።

«ቅቤ ቅቤ ሸተተው።»

«ታዲያ ሙሽራ ምን ሊሸት ነበር?»

እኔም ጻድቅ አልነበርኩም። ከሱቄ ጣሪያ ላይ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ቆርቆሮ ወደ መንገዱ አውጥቼ ሻንጣዎቼን ከሥሩ እሰቅል ነበር። ፕላን ላይ የለም፤ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ የመደዳው ሱቅ ሁሉ እንዲሁ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሻንጣዎቼ ደረቅ ናቸው። ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚወርደው ውሃ ግን ቀጥ ብሎ የሚያርፈው ሴቶቹ ላይ ነው። ስድስቱ ላስቲክ ደርበው ዝም ይላሉ። እሷ ግን «ይሄ ቆርቆሮህ ከደመናው ይብሳል፤ ደመናው ካቆመም በኋላ ይዘንባል» ትለኛለች።

ከሙሽራው በኋላ ማመልከቻ ጻፍኩ። «ለከተማችን ውበትና ለእግረኛ እንቅስቃሴ ሲባል» ብዬ ጀመርኩ፤ ስለ ኮቱ አላነሣሁም። የእኔን ጨምሮ የመደዳውን ዐሥራ አንድ ሱቆች አስፈረምኩ። ማዘጋጃ ቤት የተቀበለኝ ሰውዬ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ።

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አለኝ። «ቦታም አለ፤ ከቄራው ጀርባ። ግን ጋሼ፣ ሰባት እናቶችን አንሥቶ በራሱ ላይ ስም የሚያስወጣ እዚህ ቢሮ ውስጥ አታገኝም። በሁለት ሳምንት ክቡር ርዕሰ መስተዳድሩ መጥተው ሕዝብ ያወያያሉ። እዚያ አንሣው። እሳቸው አንዲት አቅጣጫ ካስቀመጡ በማግሥቱ እናነሣቸዋለን።»

ከቄራው ጀርባ ማለት ከውሻና ከአሞራ በቀር ደንበኛ የሌለው ቦታ ነው። እዚያ የሄደ ቅቤ ሻጭ ቅቤውን ራሱ ቢበላው ይሻለዋል። ይህን አውቅ ነበር። «ጥሩ ቅቤ ካላቸው ገዢው ይከተላቸዋል» ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ራሴ ደግሞ ከእኔ ጋር መከራከር አይወድም።

ወሬው እሷ ዘንድ ለመድረስ ከማዘጋጃ ቤት ሱቄ እስክመለስ ያለው ጊዜ በቅቶታል።

«ፈርመሃል አሉኝ» አለችኝ፣ ቅቤ በኮባ እየጠቀለለች።

«ፈርሜያለሁ እማማ።»

«መጀመሪያ ላይ?»

«መጀመሪያ ላይ።»

«አሳምረህ ነው የፈረምከው?»

«አሳምሬ።»

«ደግ። እንግዲህ ቄራው ጀርባ ስሄድ አሳምሮ የተፈረመብኝ ሴት ነኝ።» ኮባውን አሰረችና፦ «ምሳህ ደርሶ የለም? ሂድ፤ ሱቁን አይልሃለሁ።»

ሄድኩ። ምሳው አልወርድ አለኝ ብል ውሸት ነው፤ ወረደልኝ።

ርዕሰ መስተዳድሩ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር ለልምምድ ተጠራን። ልምምድ እንደሚባል የዚያን ቀን ነው ያወቅኩት። እኔ ሕዝብና መሪ ተገናኝተው ዝም ብለው የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። ለካ እንደ ሠርግ ነው፤ ማን የት እንደሚቆም፣ ማን መቼ እንደሚያጨበጭብ ቀድሞ ይታያል።

ጥያቄ ጠያቂዎቹ ተመርጠናል። እኔ የነጋዴው ተወካይ፣ ሦስተኛ ነኝ። ጥያቄዬን የመድረኩ አዘጋጅ ኮሚቴ አስተካክሎልኛል፤ «እየተመዘገበ ያለውን የከተማ ውበት ዘላቂ ከማድረግ አኳያ» ብሎ ይጀምራል። ስለ ማን እንደሆነ ለመረዳት ራሴ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከእኔ ቀጥሎ የሴቶች ተወካይ አለች፤ ስለ አዲሱ የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ምስጋና ታቀርባለች። ቀና ስል አሮጊቷ ናት፤ ነጠላዋን አሳምራ፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ። ማን እንደመረጣት አላውቅም። የመረጣት ሰው ወይ አያውቃትም፣ ወይ በደንብ ያውቃታል።

ልምምዱን የሚመራው ከክልል ቀድሞ የተላከ የፕሮቶኮል ሰው ነው። ቀጭን፣ ሬዲዮ የያዘ፣ ከራሱ ጥላ ጋር እንኳ ተጣድፎ የሚሄድ ዓይነት። መድረኩን አየ፣ ወንበሩን አየ፣ ማይኩን አየ፣ ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ በዓይኑ ይለካን ጀመር። ኮት ስሸጥ እኔም እንደዚያ ነው የማየው፤ ስለዚህ ቀድሜ አወቅኩበት።

«እርስዎ። ይነሡ እስቲ።»

ተነሣሁ።

«ልክ ናቸው!» አለ ለካሜራ ባለሙያው። «በቁመትም፣ በትከሻም። ጋሼ፣ እባክዎ ወንበሩ ላይ ይቀመጡልን። ማይኩንና መብራቱን በእርስዎ እናስተካክል፤ በዚያውም ተናጋሪዎቹ ይለማመዱ።»

«እኔ ጠያቂ ነኝ እኮ።»

«ዛሬ ተጠያቂ ነዎት።»

ወጥቼ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ከፍ ያለ፣ ጀርባው ረጅም፣ ክንዱ ሰፊ ነው። አዳራሹ ከላይ ሲታይ ሌላ ነው፤ የሰው ሁሉ ፊት ወደ አንተ ነው። ሱቅ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቆሜ አንድም ቀን ይህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ተመልክቶኝ አያውቅም። አንድ ዓመት በዓል ሲቃረብ ቅናሽ አድርጌ እንኳ አልሆነም።

ፕሮቶኮሉ ጆሮዬ ሥር ቆሞ ሥራውን አስተማረኝ።

«ብዕር ይይዛሉ፤ አይጽፉም። ከጻፉ 'ምን ጻፉ?' ይባላል። ሰው ሲናገር አንድ ጊዜ ራስዎን ይነቀንቃሉ። ሁለት ጊዜ ከሆነ ቃል ገቡ ማለት ነው። 'ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሂደት ይመለሳል' ይላሉ። ከሁሉ በላይ ግን 'አይሆንም' አይሉም።»

«በጭራሽ?»

«በጭራሽ። 'አይሆንም' በደብዳቤ ነው የሚመጣው፤ ቆይቶ፤ ሌላ ሰው ፈርሞበት።»

እኔም ሱቄ የሌለ ዕቃ ሲጠየቅ «የለም» ብዬ አላውቅም፤ «ነገ ይገባል» ነው የምለው። ክልል መምራትና ብርድ ልብስ መሸጥ ያን ያህል የተራራቁ እንዳልሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

ፊት ለፊቴ ሦስት ጠርሙስ ውሃ ተደርድሯል። ከመደንገጤ የተነሣ ገና ሳይጀመር አንዱን ጨረስኩት። ከመድረኩ ሥር ደግሞ አንዲት ጸሐፊ ኮምፒውተሯን ከፍታ ተቀምጣለች። ለቢሮው አዲስ ናት። ጠዋት «የሚባለውን ሁሉ ጻፊ፤ በተለይ ክቡርነታቸው የሚሉት አንዲት ቃል እንዳትቀር» ተብላለች። የነገሯት ሰዎች የዛሬው ልምምድ እንጂ ዋናው መድረክ እንዳልሆነ መንገር ረስተዋል።

መጀመሪያ አንድ ወጣት ተነሥቶ ስለ ሥራ አጥነት ጠየቀ። አንድ ጊዜ ነቀነቅኩ። «ጥያቄው ተገቢ ነው» አልኩ፤ «በሂደት ይመለሳል።» ተጨበጨበ! እውነት እላችኋለሁ፣ ደስ ይላል። ሁለተኛው ስለ ውሃ ጠየቀ፤ እሱም ተገቢ ነበር። ሦስተኛው እኔ ስለሆንኩ ታለፈ። ከዚያ አሮጊቷ ተነሣች።

የተሰጣትን ወረቀት አጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ክቡር ፕሬዚዳንት።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ እናቴ።»

«ወረቀቱ ስለ ድንጋዩ አመስግኚ ይላል። ድንጋዩን አመሰግናለሁ። እላዩ ላይ ነው የምውለው፤ ይቀዘቅዛል።» ሰው ሣቀ። «እኔ ግን ሌላ ነገር አለኝ። ከኋላዬ አንድ ነጋዴ አለ።»

ፕሮቶኮሉ ብድግ አለ። «እናቴ፣ ወረቀቱን ብቻ...»

«አንተ ቆይ፤ ከእሳቸው ጋር ነኝ።»

ከንቲባውም ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ እዚህ ጋ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ወንበሩ አንድ ነገር ያደርጋል መሰለኝ፤ እጄን ከፍ አደረግኩና በማይኩ «ይናገሩ፤ አትከልክሏቸው» አልኩ። ድምፄ ከጣሪያው ተመልሶ ሲመጣ ራሴም አመንኩት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ይሄ ነጋዴ ክፉ ነው አልልም። ክፉ መሆን ትጋት ይፈልጋል። ቆርቆሮ አውጥቶ ውሃውን እኛ ላይ ያፈስሳል። ምሳ ሲሄድ ሱቁን የምጠብቅለት እኔ ነኝ። ሰው ብርድ ልብስ ስንት ነው ሲል እኔ ነኝ የምናገርለት፤ ወላሂ እሱ ከሚለው አስበልጬ ነው የምሸጥለት። አሁን ደግሞ ከቄራው ጀርባ ሂዱ ብሎ ፈረመብን። እዚያ ለማን ልንሸጥ ነው፤ ለውሻ? እኔስ ልጆቼን አድርሻለሁ። እነዚያ ስድስቱ ግን ገና የሚያስተምሩት አላቸው። እንግዲህ ምን ይላሉ?»

ሰዉ ሁሉ ነጋዴው ማን እንደሆነ ያውቃል። ግማሹ አፉን በእጁ ይዟል። እኔ ብዕሬን ያዝኩ። አልጻፍኩም።

«ይህ... ይህ ግለሰብ» አልኩ፣ «አንድም መልካም ነገር የለውም?»

«አለው።»

«ምን አለው?»

«ሚስቱ።»

አዳራሹ ፈረሰ። የካሜራ ባለሙያው ራሱ ካሜራውን ጥሎ ሣቀ። እኔም ሣቅኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ። ሣቁ ሲበርድ ግን አንድ ነገር አየሁ። ይህችን ሴት ዐሥራ ስምንት ዓመት አውቃታለሁ፤ የማውቀው ግን ጀርባዋን ነው። ሻሿን፣ ትከሻዋን፣ ስታናግረኝ ዞር የምትለውን አንገቷን። ቆማ፣ ፊት ለፊት፣ መልስ ስትጠብቅ አይቻት አላውቅም ነበር። እጇ እንደሚንቀጠቀጥ እንኳ አላውቅም ነበር። ወረቀቱን የቋጠረችው እንዳይታይባት ነው።

«ጥያቄው ተገቢ ነው» አልኩ። «በሂደት...»

«በሂደት አልገዛም» አለች። «ቁርጡን ይንገሩኝ።»

ቁርጡን! ይህን ቃል ለነጋዴ አትናገሩ። «አይሆንም» እንዳልል ተከልክያለሁ፤ «በሂደት» አልሸጥ ብሏል፤ የቀረኝ የማውቀው ሥራ ብቻ ነው።

«እሺ፤ እስከ መስቀል ይቆዩ።»

«ለመስቀልማ ያለ እኛ ማን ቅቤ ያገኛል? ይጨምሩ።»

«ሌላ ቦታ እስኪዘጋጅ።»

«ቄራው ጀርባ ተዘጋጅቷል ይላሉ።»

«ቄራው ጀርባ አይደለም። ጣሪያ ያለው ቦታ፤ እዚያው መደዳው ላይ።»

«ከአሁኑ ቦታ በስንት እርምጃ?»

«በመቶ።»

«በሃምሳ።»

«በሃምሳ። ከዚህ በታች ግን አልወርድም!»

«ሰባታችንም አንድ ላይ?»

«ሰባታችሁም አንድ ላይ።»

ዝም አለች። የተስማማ ገዢ ዝምታ ነው፤ በእንቅልፌም ለይቼ አውቀዋለሁ። ከዚያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣

«ምርቃቱስ?» አለች።

ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ምርቃት የማይጨምር ሻጭ እኛ ገበያ ሁለተኛ አይመጣበትም። ቅቤ ከሆነ በቢላ ጫፍ፣ ጨርቅ ከሆነ አንድ ስንዝር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር እጄ ሳላዘው ይዘረጋል። ያን ቀን ፊቴ ላይ የምጨምረው ዕቃ አልነበረም፤ ከውሃው በቀር። ስለዚህ አፌ ሄደ።

«ምርቃት» አልኩ፣ «ከኋላችሁ ያሉት ሱቆች ወደ መንገድ ያወጡትን ቆርቆሮ አንድ ሜትር ተኩል ይሰብስቡ።»

ጭብጨባው መስታወት አንቀጠቀጠ። ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ እንደሆንኩ የሚያወሩ አሉ፤ አላምናቸውም። የምን ቆርቆሮ፣ የማን ቆርቆሮ እንደሆነ የገባኝ እጄ ከወረደ በኋላ ነው። ከመድረኩ ሥር የጸሐፊዋ ጣቶች ተክ ተክ ተክ ይላሉ።

«ጋሼ» አለ ፕሮቶኮሉ በዚህ መሀል ፊቱ አመድ መስሎ፣ «ክቡርነታቸው እንዲህ አይሉም።»

«አይሆንም አይሉም ብለኸኝ ነው እንጂ!»

የቀረውን አልሰማሁትም። ሁለተኛውን ጠርሙስ ጨርሼ ሦስተኛው ላይ ነበርኩና፣ በጓሮው በር ወጥቼ ወደ አዳራሹ ሽንት ቤት ሮጥኩ። ስለ ሥልጣን ያወቅኩት ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ውሃው ይቀርባል፣ መነሣት ግን አይቻልም።

ስመለስ አሮጊቷ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «አመሰግናለሁ ክቡር» አለችና፣ ሳትተነፍስ ቀጠለች፦ «አንተ፣ ሱቅህን ክፍት ትተህ ነው እንዴ የመጣኸው?»

ፕሮቶኮሉ እሷን ከተናጋሪዎች ዝርዝር ሰረዛት። የእኔ ጥያቄ ግን አልተነካም። እኔም ጨዋታው ጨዋታ ነው፣ ዋናው ቀን ከነገ ወዲያ ነው አልኩ። ማመልከቻዬን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ርዕሰ መስተዳድሩ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ ተብሎ ስምንት ሰዓት ላይ መጡ። ዝናቡ ግን በሰዓቱ ነው የመጣው። እውነትም ቁመታችን አንድ ነው፤ ማይኩ አፋቸው ላይ ልክ ሆነ፤ ትንሽ ኩራት ተሰማኝ። ከእኔ የሚለዩት በድካም ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ከተማ ጎብኝተዋል፤ ሁለቱም ከተማ ክትፎ አቅርቦላቸዋል፣ ሁለቱም ውሃ ደርድሮላቸዋል። ተቀመጡ። ብዕር ያዙ፤ አልጻፉም። ከንቲባው ሪፖርት ማንበብ ሲጀምር አንድ ጊዜ ነቀነቁ። ጎበዝ ናቸው።

የከንቲባው ሪፖርት ማለቂያ የለውም። የመጀመሪያው ጠርሙስ ሄደ። «ከመልካም አስተዳደር አንጻር» ላይ ሲደርስ ሁለተኛው ተከፈተ። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሆኜ ስለ እሳቸው እግሬን አጣመርኩ። በአዳራሹ ውስጥ ሪፖርቱን የማይሰሙ ሁለት ሰዎች ነበርን፤ ምክንያታችን አንድ ነው።

በመጨረሻ ጎንበስ ብለው ለፕሮቶኮሉ አንድ ነገር ሹክ አሉት። ፕሮቶኮሉ ዙሪያውን ተመለከተ። ዓይኑ እኔ ላይ ሲደርስ አረፈ፤ ባለፈው የሮጥኩበትን በር አስታወሰ። በጣቱ ጠራኝ።

እንዲህ ሆኖ ከአንድ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ጋር በአንድ ጃንጥላ ሥር ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄድኩ። ጠባቂዎቹ ትንሽ ራቅ ብለው ይከተላሉ። በዚህ አገር ሰው ይህችን ሠላሳ እርምጃ ለማግኘት ስንት ደጅ ይጠናል!

«ነጋዴ ነህ?» አሉኝ። ድምፃቸው ለስላሳ ነው።

«ነኝ፣ ክቡርነትዎ።»

«ሥራ እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ችግር ካለ ንገረኝ። ምን ላድርግልህ?»

ከልባቸው ነበር። እጄ ደረት ኪሴ ገባ፤ ወረቀቱን ነካሁት። «ሱቄ ፊት ያሉት ሴቶች» ብዬ ብጀምር ይበቃ ነበር። እሳቸው በዚያ ሰዓት በነበሩበት ሁኔታ፣ ቶሎ እንዲያልቅ ብቻ፣ ሁለት ጊዜ ይነቀንቁልኝ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱም የሚፈልገው ያንኑ ነው።

በአዳራሹ የጎን መስኮት በኩል ፊተኛው ረድፍ ይታያል። አሮጊቷ ዛሬም መጥታለች፤ ተናጋሪ ባትሆንም ወንበሯን አልለቀቀችም። የሚታየኝ ጀርባዋ ነው፤ ሻሿና ትከሻዋ፤ ልክ ከሱቄ ውስጥ እንደማያት። ልዩነቱ አሁን ከዚያ ጀርባ ወዲያ ያለውን ፊት ማወቄ ነው። እጇንም።

«ወደ ግራ ነው፣ ክቡርነትዎ» አልኩ። «ደረጃው ያንሸራትታል።»

በዚያ ጉባኤ ላይ ተጠይቆ ወዲያው ምላሽ ያገኘ ጥያቄ ይህ ብቻ ነው። እሳቸው ሲመለሱ ስልክ ተደወለ፣ ሌላ ቦታ ተፈለጉ። «ሰፊ ውይይት ለማድረግ በሌላ ጊዜ እመለሳለሁ» ብለው እጃቸውን አውለበለቡ፤ መኪኖቹ ጭቃውን እየረጩ ሄዱ። አንድም ሰው አልጠየቀም። ማመልከቻዬ በዝናቡ ርሶ ነበር፤ እቤት ስገባ ጫማዬን ጠረግኩበት።

ነገሩ እዚህ ያበቃ መሰለኝ።

ከአንድ ወር በኋላ ለዐሥራ አንዳችንም ደብዳቤ ደረሰን። «ክቡር ርዕሰ መስተዳድሩ ከኅብረተሰቡ ጋር ባደረጉት ሰፊ ውይይት ባስቀመጡት አቅጣጫ መሠረት» ይላል። ሴቶቹ ጣሪያ ያለው ቦታ እዚያው መደዳው ላይ በሃምሳ እርምጃ ውስጥ እስኪዘጋጅላቸው ሰባቱም አይነሡም። «በተጨማሪም» ይላል፣ ሱቆቹ ወደ መንገድ ያወጡትን ቆርቆሮ አንድ ሜትር ተኩል ይሰብስቡ። ምርቃቴ «በተጨማሪም» ሆና፣ ማኅተም ተመቶባት፣ ቤቴ መጣች።

ማዘጋጃ ቤት ሮጥኩ። ማመልከቻዬን የተቀበለኝ ያው ሰውዬ ነው።

«ይህን ማን ነው ያለው?»

«ክቡርነታቸው።»

«የዚያን ቀን እኮ ጥያቄ አልተስተናገደም!»

«ቃለ ጉባኤ አለ» አለና ፋይሉን ገለጠልኝ። «ይኸው፦ 'በሃምሳ። ከዚህ በታች ግን አልወርድም።' ቆራጥ ናቸው።»

«አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ እያልኩህ!»

«ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ?»

አሰብኩ። «ለጥቂት ደቂቃ ወጥቼ ነበር።»

«በቃ፤ ያኔ ነዋ» አለኝ።

ጥግ ላይ ጸሐፊዋ ቀና አለች። አየችኝ። ከዚያ ፋይሉን አየች፣ እንደገና እኔን። ከአንገቷ ጀምሮ ፊቷ ሲቀላ አየሁ። የዋናውን ቀን ሪፖርት አምጪ ሲሏት ያላትን የልምምዱን ጽሑፍ ሰጥታለች፤ እዚያ ላይ ያለው ቃል ደግሞ የእኔ ነበር። ሪፖርቱ ውይይት ይፈልጋል፣ ውይይት ያለው እሷ ጋ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ የወጣ ወረቀት ማን መልሶ ይጠይቃል? አሁን አፌን ብከፍት ሁለት ነገር ይሆናል። ይህች ልጅ ከወንበሯ ትነሣለች፤ ሰባቱ ሴቶች ቄራው ጀርባ ይወርዳሉ። ቆርቆሮዬ ደግሞ ይተርፋል።

ነጋዴ ነኝ፤ መዘንኩት። እውነት ለመናገር ሚዛኑ ትንሽ ተወዛውዟል።

«ቆርቆሮ የሚቆርጥ ሰው ታውቃለህ?» አልኩት።

በሳምንቱ መደዳችን ተላጨ። ዐሥሩ ጎረቤቶቼ እየቆረጡ ይራገማሉ። «ያ ሰውዬ ስለ ንግድ ምን ያውቃል!» ይላሉ። «ምንም አያውቅም» እላለሁ። «በሱቅ በር ቆሞ አያውቅም እኮ!» ይላሉ። «የት አባቱ ቆሞ!» እላለሁ። እንዲህ ተባብረን ስድብ የተሳደብንበት ጊዜ የለም፤ የኔን ያህል ከልቡ የተሳደበም የለም።

ጣሪያ ያለው ቦታ ግን ገና በሂደት ላይ ነበር። በጀት ይጠበቃል ተባለ። አሮጊቷ ከተቆረጠው ቆርቆሮ ክምር ፊት ቆማ ስታየው ዋለች።

«ይሄን ምን ልታደርጉበት ነው?» አለችኝ።

«ምን እናደርገዋለን፤ ወድቋል።»

በማግሥቱ የሴቶቹ ልጆችና ባሎች እንጨት ይዘው መጡ። ባዶ በሆነው አንድ ሜትር ተኩል ላይ ቋሚ ተከሉ፤ የእኛኑ ቆርቆሮ መልሰው ሰቀሉት። ማዘጋጃ ቤት መጥቶ አየ፤ ጣሪያ አለው፣ መደዳው ላይ ነው፣ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። «አቅጣጫው ተፈጽሟል» ብሎ ፎቶ አንሥቶ ሄደ። ስለዚህ ቆርቆሮዬ አሁንም ከሱቄ በር ፊት አለ፤ ሥሩ የተቀመጡት ብቻ ተለወጡ። ዝናብ ሲመጣ የምሮጠው እኔ ነኝ፤ ሻንጣዎቼን ተሸክሜ ወደ እነሱ ጣሪያ። እሷ ፈቅዳ አንድ ሚስማር ሰጥታኛለች። ሻንጣ የሚገዙኝ ሰዎች ከፍተው ያሸቱና ዝም ይላሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ሚስቴ ቅቤ እንድገዛ ላከችኝ። አሮጊቷ መዘነችልኝ፣ ጠቀለለችልኝ፤ ዋጋውን ተከራከርን፣ ቆረጥን። እኔም በሙሉ መብቴ፣

«ምርቃቱስ?» አልኳት።

ቢላዋዋን እንደ ብዕር ያዘች። ቅቤው ላይ ግን አላሳረፈችውም። ራሷን አንድ ጊዜ ነቀነቀች።

«ጥያቄህ ተገቢ ነው» አለችኝ። «በሂደት ይመለሳል።»

ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደሚቀጥለው ገዢ ዞረች።